የልብ ሕመም ላለባቸው የጡት ካንሰር ታካሚዎች የሚሰጥ ከፊል ማደንዘዣ

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ሲሆን፣ ከዋነኛ ሕክምናዎቹ አንዱ ቀዶ ሕክምና ነው። የልብ ሕመም ያለባቸው ታካሚዎች ሰመመንን ፈርተው ሕክምናውን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ይሁንና የልብ ሕመም መኖሩ ብቻውን ቀዶ ሕክምናን አይከለክልም፤ የማደንዘዣው ምርጫ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከፊል ማደንዘዣ ምንድን ነው?

ሙሉ ሰመመን ታካሚዋን የሚያስተኛ ሲሆን፣ መድኃኒቶቹ የደም ግፊትን ሊቀንሱና የልብን ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ። በከፊል ማደንዘዣ ግን የአንስቴዥያ ባለሙያው በአልትራሳውንድ እየተመለከተ ከአከርካሪ ጎን ወይም በደረት ጡንቻዎች መካከል መድኃኒት በመርፌ በመስጠት የጡትን አካባቢ ነርቮች ያደነዝዛል። ታካሚዋ በራሷ ትተነፍሳለች። ዘዴው ብቻውን ወይም ከሙሉ ሰመመን ጋር ሊሰጥ ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኖረውን ሕመምም ይቀንሳል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች

• ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፦ መርፌው መድማት ሊያስከትል ይችላል። መድኃኒቱ የሚቋረጠው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል።
• በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቭ የጠበበባቸው፦ የደም ግፊት በድንገት መውረድ ለእነርሱ አደገኛ ነው።
• መርፌው በሚገባበት ቦታ ቁስል ወይም ለማደንዘዣ መድኃኒት አለርጂ ያላቸው።

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ለሚጓዙ

ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚላኩ ታካሚዎች ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን ያቋርጣሉ። በከፍታ ቦታ የሚገኘው ኦክስጅን አነስተኛ በመሆኑ የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች የትንፋሽ ማጠር ሊብስባቸው ይችላል። ስለሆነም ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርና ከቀዶ ሕክምናው ቀን ቀደም ብሎ መድረስ ይመከራል።

ይዘው የሚቀርቡት

• የሪፈራል ወረቀትና የናሙና ምርመራ ውጤት፤
• የልብ አልትራሳውንድና የኢሲጂ ውጤት፤
• የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው፤
• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ከሆኑ የአባልነት መታወቂያ።

ዳገት ሲወጡ የሚደክማቸው ወይም በጀርባቸው ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ታካሚዎች ይህንኑ ለአንስቴዥያ ባለሙያው አስቀድመው መግለጽ ይገባቸዋል። በጡቷ ወይም በብብቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት የልብ ሕመም ቢኖርባትም ሳትዘገይ በአቅራቢያዋ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።