አካልና ገጽ

በአሰላም ሆነ በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ባሉት አጥቢያዎች፥ ከቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሥላሴን ሥዕል ያያል። ሦስት ሽማግሌዎች ጠጉራቸው ነጭ፥ መልካቸው አንድ ሆኖ ተቀምጠዋል፤ በአራቱ ማዕዘን አራቱ እንስሳ አሉ። አንድ ተማሪ «አብ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ አጣን። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይምሰል እንጂ፥ ከ500 ዓመት በፊት በአገራችን ሊቃውንትን ያከራከረው ነገር ከዚህ የራቀ አልነበረም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች «ለሚመለከተው አካል» ብለን ስንጽፍ አካል ያልነው መሥሪያ ቤቱን ነው። ለሐኪም አካል ሥጋና አጥንት ነው። በሃይማኖት ትምህርት ግን አካል ማለት በራሱ ጸንቶ የሚኖር፥ «እኔ» የሚል፥ «አንተ» የሚባል ነው። ግሪኮች ሂፖስታሲስ ያሉትን ሊቃውንቶቻችን አካል፥ ፕሮሶፖን ያሉትንም ገጽ ብለው ተረጐሙት። ፕሮሶፖን ፊት ማለት ነው፤ የተዋናይ ጭምብልም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። በ3ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ሰባልዮስ ትምህርቱ ወደዚህ ያዘነበለ ነው፤ አንዱ አምላክ በሦስት ስም ተገለጠ እንጂ ሦስት አካል የለም አለ። እንዲህ ከሆነ ወልድ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ከሰማይ የተናገረው ማን ነው? አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1424 በፈጸሙት በመጽሐፈ ምሥጢር፥ ሰባልዮስን አስቀድመው የተቃወሙት ነገሩ ሩቅ አገር የቀረ ስላልመሰላቸው ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ ክርክሩ ከቤተ መንግሥት ገባ። ዘሚካኤላውያን የተባሉት የእግዚአብሔርን መልክ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም፥ ሰውም ሊናገረው አይችልም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ደግሞ ሦስቱ አካላት እያንዳንዳቸው ፍጹም መልክና ገጽ አላቸው፥ ሰውም የተፈጠረው በዚያው መልክ ነው ብለው በመጽሐፈ ምላድ መለሱ። እኒህ ንጉሥ በ1445 ከአዳሉ ሡልጣን ከበድላይ ጋር የተዋጉት በደዋሮ፥ ከዛሬው የአርሲ ደጋ በስተ ምሥራቅ ባለው አገር ነው። በአንድ እጅ ጦር፥ በአንድ እጅ ብዕር የያዙ ሰው ነበሩ።

እንደ እኛ አስተያየት ዘሚካኤላውያን የዋዛ ሰዎች አልነበሩም፤ ሰው አምላኩን በራሱ ቁመት እንዳይለካ ፈሩ። ንጉሡም የፈሩት ከንቱ አልነበረም፤ መልክ የሌለው አካል ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል፥ የሰውም ክብር አብሮ ይጠፋል። የሚያሳዝነው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ፈራጅ መሆኑ ነው። ስለ ተፈረደባቸው ሰዎች የምናውቀው አብዛኛው ነገር ፈራጁ የጻፈው ነው።

መምህራን ስለ ሥላሴ ሲያስተምሩ የፀሐይን ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት ይመስላሉ። ቅዳሴ ማርያም ግን እያንዳንዱን አካል ፀሐይ ብሎ ይጠራል። ሠዓሊውም የተከተለው ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ይመስለናል። ያን ተማሪ ዳግመኛ ብናገኘው፥ ሠዓሊው መለያውን ረስቶት አይደለም፤ አብ ወላዲ፥ ወልድ ተወላዲ፥ መንፈስ ቅዱስ ሠራጺ መሆኑ በቀለም አይሣልም እንለው ነበር።