ስእለትና ግልቢያ በሲዬና ከተማ

በኢጣልያ አገር፣ በቶስካና አውራጃ፣ በኮረብቶች ላይ የተመሠረተችው የሲዬና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1260 የፍሎረንስ ሠራዊት ሊወጋት በቀረበ ጊዜ፣ የበሮቿን ቁልፍ በካቴድራሏ ውስጥ በእመቤታችን ሥዕል ፊት አኑራ፣ ራሷን ከነሕዝቧ ዐሥራት አድርጋ አቅርባ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ በሞንታፔርቲ ያገኘችውን ታላቅ ድል ከዚያች ስእለት ለይታ አታየውም። በዚያም ዘመን በየዓመቱ በፍልሰታዋ በዓል የሚገብሩላት ከተሞች ሰም ይዘው ሲመጡ፣ መኳንንቱ ፈረሶቻቸውን በረጅሙ ጎዳና እስከ ካቴድራሉ ድረስ ያሽቀዳድሙ፣ የቀደመውም ክቡር ግምጃ ይሸለም ነበር። ሕዝቡ ግን የዚያ ግልቢያ ተመልካች እንጂ ባለቤት አልነበረም።

ሕዝቡ ባለቤት የሆነው ከተማይቱ ነጻነቷን ካጣች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1555 ሲዬና ዐሥራ አምስት ወር ያህል ተከባ፣ በረኀብ ተጨንቃ፣ ለንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ሠራዊት እጇን ሰጠች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለፍሎረንሱ መስፍን ለኮዚሞ ሜዲቺ ተላልፋ ተሰጠች። ጦር ማዝመትም ሆነ መልእክተኛ መላክ ለማይቻለው ለዚያ ኩሩ ሕዝብ ከአርበኝነቱ የቀረው፣ በየሰፈሩ የሚውለበለበው ዓርማና በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው ፉክክር ብቻ ነበርና፣ ሰፈሮቹ ዛሬም የሚያካሂዱት የፈረስ እሽቅድምድም ከሽንፈት የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰፈሮቹ አስቀድሞ በኮርማና በጎሽ ይጫወቱበት በነበረው ካምፖ በሚባለው አደባባይ፣ በ1633 ፈረሶችን ዙሪያውን አስሮጡ፤ ከ1656 ጀምሮም ግልቢያው በከተማይቱ ለምትከበረው ለፕሮቬንሳኖ ማርያም ክብር የዓመት ሥርዓት ሆነ። የፍልሰታው ግልቢያ ከ1701 ወዲህ የተጨመረ ነው። ዛሬ የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 25 ቀን፣ ሁለተኛው ምእመናኖቻችን በፍልሰታ ሱባኤ ላይ ሳሉ ነሐሴ 10 ቀን ይውላል። አደባባዩ ጠባብ በመሆኑ አደጋ ስለበዛ፣ ከ1721 ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከዐሥር ፈረስ በላይ እንዳይሮጥ ተወሰነ፤ የሰፈሮቹንም ቁጥር 17 አድርጋ ወሰናቸውን በ1729 ያጸናችው አገረ ገዢዋ ልዕልት ቪዮላንቴ ቤያትሪስ ዘባቫርያ ናት። ንስር፣ ዝይ፣ ኤሊ፣ ተኩላ፣ ጃርት፣ ቀጭኔ እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ሰፈሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ የራሳቸው ምንጭ፣ ብዙዎቹም የታወቀ ባላጋራ አላቸው።

ፈረሱ ለሰፈሩ የሚደርሰው ከበዓሉ ሦስት ቀን አስቀድሞ በዕጣ ስለሆነ፣ ሀብታሙም ድኻውም የደረሰውን በጸጋ ይቀበላል። በዕለቱ ፈረሱ ወደ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ካህኑም በመሠዊያው ፊት ጸልዮ፣ ጸበል ረጭቶ፣ ሂድ፣ ድል አድርገህም ተመለስ ብሎ ያሰናብተዋል። እንስሳ በቤተ መቅደስ ሲባረክ ማየት የሚያስደነግጠው ሰው ቢኖር፣ ያ ፈረስ በዚያች ሰዓት የሕዝቡን ስእለት ሁሉ በጀርባው እንደ ተሸከመ ያስብ።

አደባባዩ በቢጫ አፈር ተደልድሎ፣ ዘጠኙ ፈረሶች በሁለት ገመድ መካከል ሲሰለፉ፣ ዐሥረኛው ከኋላ ርቆ ይቆማል፤ ግልቢያው የሚጀመረውም እርሱ ሲነሣ ነው። ስለዚህ የዐሥረኛው ጋላቢ የባላጋራው ፈረስ ፊቱን እስኪያዞር ይጠብቃል፤ ጋላቢዎቹ በገመዱ ውስጥ በሹክሹክታ ገንዘብ ይዋዋላሉ፤ ሕዝቡም አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ በጭንቀት ይቆያል። ሦስቱ ዙር ግን ከ90 ሴኮንድ እምብዛም አያልፍም። ጋላቢዎቹ ያለ ኮርቻ የተቀመጡ ናቸውና ሳን ማርቲኖ በተባለው ቁልቁለት ማዕዘን ብዙዎች ይወድቃሉ፤ ይሁን እንጂ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ከገባ ድሉ የሰፈሩ ነው። ጋላቢ በዋጋ የሚገዛ ነው፣ ፈረስ ግን ውል አያውቅምና ይህ ሕግ እጅግ ትክክል ይመስለኛል። በዚያው ማዕዘን ፈረሶችም ተሰብረው ሞተዋል፤ ስለዚህ ግድግዳው በፍራሽ እንዲሸፈንና ሐኪሞች ፈረሶቹን አስቀድመው እንዲመረምሩ መደረጉ የሚገባ ነው። ያሸነፈው ሰፈር ሥዕለ ማርያም ያለበትን የሐር ሰንደቅ ተሸክሞ፣ እያለቀሰና እየዘመረ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግልቢያው ተቋርጦ ሰንብቶ፣ በነሐሴ 1945 ሰላም በመውረዱ ልዩ ግልቢያ በተደረገ ጊዜ የዘንዶ ሰፈር አሸነፈ፤ ድሉ የእኛ ነው ብለው ተማምነው የነበሩት የአባጨጓሬ ሰፈር ሰዎች ግን ቍጣቸው ገንፍሎ ሰንደቁን ቀደው ጣሉት፤ ኋላም በራሳቸው ገንዘብ ሌላ ሰንደቅ አስለው ለዘንዶዎቹ ከፈሉ።