የተማሪ መሪነት ከየት ይመጣል? ጎንደር፣ ስድስት ኪሎና ጅማ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ተማሪዎች የመሪነት ዕድል ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው በአዳራሽ የሚሰጥ፣ በጥቂት ቀናት አልቆ በምስክር ወረቀት የሚቋጭ ሥልጠና ነው። ስለ ትምህርት ዕድል ሲወራ ደግሞ ብዙው ሰው ዓይኑን ወደ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ ይጥላል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን የሚደርሱት ለጥቂቶች ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርትም ውጭ ይቆማሉ። የራሳችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ሌላ መንገድ ያሳያል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በዚህች አገር ተማሪዎች በርግጥ መሪ ሆነው የወጡት እውነተኛ ሥራ ሲሰጣቸው፣ ለውጤቱ በሰው ፊት ሲጠየቁ፣ መምህራቸው በቅርብ ሲከታተላቸውና ድካማቸው ከዲግሪያቸው ጋር ተቆጥሮ ሲያዝላቸው ነው። እነዚህ ነገሮች በተሟሉበት ቦታ ውጤቱ ዘላቂ ሆኗል፤ አንዱ በጎደለበት ደግሞ ዕድሉ ወይ ባክኗል ወይ በተማሪው ላይ አደጋ አምጥቷል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ጎንደር ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ የሐኪሞች ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር፤ የሕክምና ፋኩልቲም ገና አልተከፈተም። በ1947 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ባልነበረበት አገር የጤና ጣቢያን ሙሉ ሥራ የሚሸከሙ ወጣቶችን ለማውጣት ታሰበ። ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች ጎን ለጎን ይማሩ ነበር። ከመመረቃቸው በፊትም አንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ይመደባሉ። እዚያ አንዷ ወላዶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሌላው የምንጭና የመጸዳጃ ጉዳይ ይይዛል፤ ጤና መኮንኑ ሕሙማን እያየ መዝገቡን፣ መድኃኒቱንና ሠራተኛውን ያስተዳድራል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል፤ የቡድን ሥልጠናው ትልቅ ቁም ነገር በሙያ ክፍፍሉ ውስጥ ነውና። አንድ ተማሪ ከራሱ ሙያ ውጭ ካለ ጓደኛው ጋር ተመካክሮ አንድ ዕቅድ ማውጣት ነበረበት። የሚያክመው ሰው የሚጠጣው ውኃ እስካልተጠበቀ ድረስ ክኒኑ ፋይዳ እንደሌለው ከጓደኛው ይማራል። የአካባቢው ሽማግሌ ካላመነበት ምንጩ እንደማይጎለብት ደግሞ ከገበሬው ይማራል። ስለ መሪነት የተጻፈ መጽሐፍ ሳይገልጥ የመሪነትን ዋና ጥበብ፣ ማለትም ሰውን አስተባብሮ ሥራን ከዳር ማድረስን፣ በሥራው መካከል ያገኘው ነበር። እውነት ነው፣ ቡድኑ በሙያ ተዋረድ የታሰረ ነበር። መሪው ምንጊዜም ጤና መኮንኑ ነው፤ ነርሶቹ ቡድኑን የመምራት ተራ አልነበራቸውም። ይህ ጉድለት ከሰባ ዓመት በኋላም ሙሉ በሙሉ አልታረመም፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ማስረጃ ስድስት ኪሎ ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሲመሠረት፣ ከገጠሩ ሕዝብ ርቆ የሚኖር አነስተኛ የምሁራን ቡድን እንዳይፈጥር የሚል ሥጋት በመምህራኑም በተማሪዎቹም ዘንድ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት በ1956 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ ለዚህ ሥጋት የተሰጠ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተወሰነ፤ ስሙም የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተባለ። የመጀመሪያዎቹ ተመዳቢዎች በ1957 ዓ.ም. ወጡ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ሄዱ፤ ሌሎቹ እንደ ትምህርታቸው ዘርፍ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሠሩ። ግዴታ መሆኑን የተቃወሙ ተማሪዎች ነበሩ፤ ቢሆንም አሠራሩ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ዘለቀ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የነበሩት ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የዚህን አገልግሎት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1966 በአንድ ዓለም አቀፍ የንጽጽራዊ ትምህርት መጽሔት አሳትመዋል፤ በወቅቱ ነገሩ ከአገር ውጭም ትኩረት እንደሳበ ይህ ያሳያል።

አንድ የሃያ ወይም የሃያ አንድ ዓመት ወጣት በዚያ ዓመት ምን ያገኝ እንደነበር እናስብ። ትላንት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ የነበረው ተማሪ ዛሬ በአንድ ክፍል ብዙ ልጆች ፊት ይቆማል። ልጆቹ ቢወድቁ ተጠያቂው እሱ ነው። ደመወዝ የማይባል የመተዳደሪያ አበል ይቀበላል፤ ቤት ይከራያል፤ ከርእሰ መምህሩ፣ ከወረዳው ሹምና ከወላጆች ጋር ይነጋገራል። ቋንቋውን የማያውቀው አካባቢ ሊደርሰውም ይችላል። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። የመሬት ሥሪት፣ የግብር፣ የቋንቋና የትምህርት ሥርጭት ጉዳይ ከመጽሐፍ ገጽ ወጥቶ በስም የሚያውቀው ሰው ጉዳይ ይሆናል። አካዳሚያዊው ዕድል የምለው ይህንን ነው፤ ጥናት ከሁሉ በፊት ጥሩ ጥያቄ ይፈልጋልና።

የተማሪዎቹን እንቅስቃሴ ያጠኑት ራንዲ ባልስቪክና ባሕሩ ዘውዴ እንዳሳዩት፣ ይህ አገልግሎት የተማሪውን የፖለቲካ ስሜትም አሙቆታል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባ አደባባይ ሲሰማ የመጀመሪያዎቹ ተመዳቢዎች ገና በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ። በኋለኞቹ ዓመታት ግን በየከተማው ያስተማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንቅናቄውን ሐሳብ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አዳርሰዋል። ተማሪን የሚያምን ተቋም ጥያቄውንም መቀበል አለበት። የዘመኑ መንግሥት ይህንን አልቻለም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ተገደለ፤ በማግሥቱም በዩኒቨርሲቲው ግቢ በተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ወዲያ በተማሪና በመንግሥት መካከል ለንግግር የቀረው ቦታ እየጠበበ ሄደ፤ መሪነትን በኃላፊነት የመማር ዕድልም አብሮ ተጎዳ።

ከአብዮቱ በኋላ የመጣው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ በውጫዊ ገጽታው ከአገልግሎቱ ጋር ይመሳሰላል፤ አሠራሩ ግን ፍጹም ሌላ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተከፈተው ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። የየካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ዘማቾቹ ገበሬ ማኅበራትን በማደራጀት ትልቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ትእዛዙ ከወታደራዊ መንግሥት የመጣ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቷል፤ የሥራውን ውጤት ከትምህርት ጋር የሚያያይዝ መምህር አልነበረም። በየቦታው ዘማቾች ከባለርስቶችና ከአካባቢ ሹማምንት ጋር ተጋጩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ፤ ብዙዎችም ዘመቻውን ጥለው ተመለሱ። ከባድ ኃላፊነት ተሰጥቷቸው ከለላ ግን አላገኙም። ወጣትን ያለ ከለላ ወደ ግጭት መስደድ የመሪነት ዕድል ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ማስረጃ ጅማ ሲሆን ከሁሉ በላይ ለዛሬው ጠቃሚ የሚመስለኝም እሱ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲመሠረት ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት አደረገ። በ1992 ዓ.ም. ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህንኑ መርሕ ለሌሎች ፋኩልቲዎች አስፋፋ። ተማሪዎች በቡድን ወደ አንድ ቀበሌ ይመደባሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ ይሰበስባሉ፤ ችግሮቹን ከነዋሪው ጋር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ዕቅድ ያወጣሉ፤ አቅማቸው የሚፈቅደውን ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ውጤቱን ይገመግማሉ። ተመራቂዎች ደግሞ ከተለያየ የጤና ሙያ ተውጣጥተው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለሳምንታት በቡድን ይሠራሉ። የጎንደር አሳብ እዚህ ተሻሽሎ ቀርቧል። በተለይ አንድ ነገር አዲስ ነበር፦ የመስክ ሥራው ክሬዲት ያለው፣ ውጤት የሚሰጥበትና ከምረቃ በፊት መጠናቀቅ ያለበት ኮርስ ሆነ።

የክሬዲቱ ጉዳይ ተራ የሬጅስትራር ሥራ ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ክሬዲት ካለ መምህሩ የመስክ ክትትሉ እንደ ማስተማር ይቆጠርለታል፤ ተማሪው ለፈተና ሲል ሥራውን አይተውም፤ ዩኒቨርሲቲው ለመኪናና ለአበል በጀት ይይዛል። ክሬዲት ከሌለ ሁሉም ነገር በበጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል፤ የበጎ ፈቃድ ጊዜ ያለው ደግሞ ቤተሰቡ ገንዘብ ሊልክለት የሚችል ተማሪ ነው። የድኃ ልጅ ክረምቱን ሠርቶ ለደብተር የሚሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ የሚዘጋጅ የመሪነት መርሐ ግብር፣ አዘጋጆቹ ባያስቡትም፣ ቀድሞ ዕድል ላላቸው ሌላ ዕድል የሚጨምር ይሆናል።

ከጤና ውጭም ተመሳሳይ ጅምር አለ። በአንዳንድ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ያሉት የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቅም ለሌለው ባለጉዳይ አቤቱታ በመጻፍና ምክር በመስጠት ተማሪን ከእውነተኛ ጉዳይ ጋር ያገናኛሉ። የቀለብ ክርክር ያለባት እናት የተማሪውን ዕድሜ አትጠይቅም፤ ቀጠሮዋ እንዳያልፍ ትፈልጋለች። ተማሪው በዚያ ቅጽበት የተሰጠውን እምነት በሴሚናር ሊያገኘው አይችልም።

ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ያስቀምጠዋል። በተግባር ግን ብዙውን ጊዜ የመምህራን ፕሮጀክት ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው በፎቶግራፍ ቀን ይታያል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ደግሞ አዲስ ጫና አምጥቷል። ፈተናውን አልነቅፍም፤ ዲግሪ ዋጋ እንዲኖረው መመዘኛ ያስፈልጋል። ሆኖም በምርጫ ጥያቄ የማይለካው ሁሉ ከተማሪውም ከመምህሩም ትኩረት እየራቀ ነው። በመጨረሻው ዓመት ለመስክ ሥራ የነበረው ሳምንት ለፈተና ማጠናከሪያ ሲውል፣ ተማሪው የምርምር ጥያቄ የሚያገኝበትን ቦታ ያጣል። ያኔ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ካለፉት ዓመታት ጽሑፎች ይለቅማል።

ቀደም ብዬ ወዳነሣሁት የነርሶች ጉዳይ፣ ማለትም ወደ ሴት ተማሪዎች ጉዳይ ልመለስ። በጎንደር ነርሶቹ ቡድኑን እንዳይመሩ ያደረጋቸው የሙያ ተዋረድ ዛሬ በሌላ መልክ ይታያል፤ በብዙ የቡድን ሥራ ወንዱ ያቀርባል፣ ሴቷ ትጽፋለች። በተማሪዎች ማኅበራትም ሴቷ ምክትል ወይም የሥርዓተ ጾታ ተጠሪ መሆኗ እንደ ልማድ ተይዟል። ለዚህ የተለየ የሴቶች ሥልጠና ማዘጋጀት ብቻውን አይበቃም። የመስክ ቡድን መሪነት በተራ የሚዞርና ውጤት የሚሰጥበት ከሆነ ሁሉም ተማሪ፣ ሴትም ወንድም፣ ሰብሳቢ መሆን፣ ሪፖርት ማቅረብና መጠየቅ ግዴታው ይሆናል። ዝምተኛ የነበረች ተማሪ የቡድኑን ውጤት በቀበሌው ነዋሪ ፊት እንድታቀርብ ሥራው ራሱ ይጠይቃታል።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከፊት አድርጎ፣ ተቋማት በራሳቸው ጉዳይ እንዲወስኑ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቷል። ይህ ሥልጣን ለሥርዓተ ትምህርትም መዋል አለበት። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል፣ ምህንድስናም ሆነ ታሪክ፣ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ክሬዲት ያለው የመስክ ኃላፊነት ያስገባ። ቡድኖች በየዓመቱ ወደዚያው ቀበሌ፣ ወደዚያው ትምህርት ቤት ይመለሱ፤ ያለፈው ዓመት ተማሪ ቃል የገባውን የዘንድሮው እንዲጠየቅበት። የመምህሩ ክትትል በሥራ ጫናው ይቆጠር፤ የትራንስፖርትና የአበል ወጪው በበጀት ይያዝ። የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ ተማሪ አይመደብ፤ የተመደበበትም ቦታ ቢታወክ የሚያወጣው ተቋም ይኑር፤ የዘመቻው ትውልድ ያለ ከለላ የከፈለው ዋጋ ሊደገም አይገባም። ሴኔቶች በሚቀጥለው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳቸው ይህንን አጀንዳ አድርገው እንዲይዙት፣ በእነዚያ ስብሰባዎች የሚቀመጡ የተማሪ ተወካዮችም አጥብቀው እንዲጠይቁበት እጠይቃለሁ።