ከጣና ዳርቻ እስከ ዓባይ መውጫ፦ አጭሩ የጀልባ ጉዞ

የዓባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ተለይቶ ጉዞውን የሚጀምርበት ሥፍራ ከባሕር ዳር ከተማ ብዙ አይርቅም። ከከተማዋ የሐይቅ ዳርቻ በሞተር ጀልባ የተነሳ ሰው የወንዙን መውጫ ተመልክቶ ለመመለስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በዚህ አጭር ጉዞ የወንዙን ታሪክ፣ የሐይቁን ጤንነትና በዙሪያው የሚኖረውን ሕዝብ ኑሮ በአንድ ላይ ማየት ይቻላል።

የወንዙ መነሻና ታሪኩ

የዓባይ መነሻ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ነው። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ሐይቅን ይቀላቀላል። ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ወንዞች ጋር በመኾንም ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ይይዛል። ግልገል ዓባይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ገብቶ ታላቁ ዓባይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በባሕር ዳር ይወጣል። "ዓባይ ከጣና ሳይቀላቀል ያልፋል" የሚለው የቆየ አባባልም በክረምት የወንዙ ደፍራሽ ውኃ በሐይቁ ላይ ለይቶ ከመታየቱ ጋር የሚያያዝ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዓባይ በኦሪት ዘፍጥረት የተጠቀሰው ግዮን እንደኾነ ይታመናል። የግሽ ዓባይ ምንጭም በጸበልነቱ የታወቀ ነው። ከአውሮፓውያን መካከል ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ጴድሮ ፓኤዝ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ምንጩን አይተው ጽፈዋል። የአካባቢው ሕዝብ ግን ምንጩን ከእነርሱ እጅግ አስቀድሞ ያውቀውና ያከብረው ነበር።

በመንገድ ላይ የሚታየው

ጀልባው ከባሕር ዳር ዳርቻ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ሲያቀና ደብረ ማርያም ደሴት በወንዙ መውጫ አቅራቢያ ይገኛል። በደሴቱ ላይ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሲኾን ነዋሪዎች ወደ ከተማ የሚመላለሱት በውኃ ላይ ነው። ረዘም ያለ ጊዜ ያለው ተጓዥ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ እንጦስ ኢየሱስና በቡናው ወደታወቀው የዘጌ ልሳነ ምድር መቀጠል ይችላል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም በመኾኑ ተጓዦች ይህን አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

በዳርቻው የሚበቅለው ደንገል የታንኳ መሥሪያ ነው። ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በገመድ እየታሰረ ታንኳ ይኾናል። በዚህ ሙያ ከሚታወቁት መካከል የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ቀዳሚ ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ ደንገሉ በጠፋበት ዳርቻ ታንኳውም፣ በታንኳው ዓሣ የሚያጠምደውና እንጨት የሚያጓጉዘው ሰው እንጀራም አብረው ይጠፋሉ። ደንገል ለዓሣ መራቢያና ለወፎች መጠለያ ከመኾኑም በላይ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣውን አፈር ያስቀራል።

በወንዙ መውጫ ብዙ ተጓዥ የሚፈልገው ጉማሬን ማየት ነው። ጉማሬ ቀኑን በውኃ ውስጥ አሳልፎ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። ከሐይቁ ሽሽት በኋላ ባሕር ሸሽ መሬት ላይ የሚያርሱ አርሶ አደሮች ሰብላቸውን ከጉማሬ ለመጠበቅ የሚያድሩትም በዚህ ምክንያት ነው። እንስሳው ልጆች ሲኖሩት ወይም መንገዱ ሲዘጋበት እጅግ አደገኛ ስለሚኾን ጀልባው ከሩቅ መቆም ይኖርበታል። ልምድ ያለው ጀልባ ነጂ "ጠጋ በልልን" ቢባልም አይጠጋም።

ጀልባው የሚመለስበት ቦታ

በወንዙ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ይገኛል። ይህ ዝቅተኛ ግድብ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሲኾን በበሮቹ አማካኝነት ከሐይቁ የሚወጣውን ውኃ ይመጥናል። ዓላማው በበጋም ጭምር ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ውኃ እንዲደርስ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም፣ ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም ሥራ ጀምረዋል። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ የሐይቁን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሻግራል። በዚህም ምክንያት ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የውኃ መጠን እንደ ወቅቱና እንደ ኃይል ማመንጫዎቹ አሠራር ይለያያል። ፏፏቴውን በሙሉ ግርማው ለማየት የሚሻ ሰው በክረምት ማብቂያ ቢሄድ ይመረጣል።

የሽርሽር ጀልባዎች ከግድቡ በላይ ባለው ውኃ ላይ ደርሰው ይመለሳሉ። ወንዙ ከዚያ በታች በግንቦት 2016 ዓ.ም በተመረቀው 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሥር ያልፋል። ከጣና የሚወጣው ውኃ ወደ ሱዳን ድንበር ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ ከአንድ አሥረኛ በታች ነው። ቀሪውን የሚሞሉት እንደ በሽሎ፣ ጀማ፣ ጉደር፣ ዴዴሳና ዳቡስ ያሉ ገባሮች ናቸው።

ሐይቁን የሚፈትነው ችግር

ጣና ከ3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የሀገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ቢኾንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በአማካይ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በየክረምቱ በጎርፍ የሚገባው ደለል በቀላሉ ይጎዳዋል። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ተጓዥ የሚያየው ቀይ ውኃ ከላይኛው ተፋሰስ የታጠበ የእርሻ አፈር ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ሊያስቀረው ይገባ የነበረው ለም አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ የአረም ምግብ ይኾናል። ከከተማ የሚለቀቅ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻም በዚህ ላይ ይጨመራል።

የእምቦጭ አረም በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም ነው። አረሙ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጥፍ ሊስፋፋ ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ይበልጥ የተጎዳው የሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ቢኾንም አረሙ በነፋስና በሞገድ ስለሚጓዝ የትኛውም ዳርቻ ከስጋት ነጻ አይደለም። አረሙ በተዘረጋበት ቦታ መረብ አይጣልም፤ ታንኳ አይቀዘፍም፤ ከብት ውኃ አያገኝም። ሐይቁና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ በብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ምዝገባው ግን አረሙን አይነቅልም፤ ደለሉንም አያስቀርም። እርከን የሚሠራ አርሶ አደርና ቆሻሻውን ወደ ውኃ የማይጥል የከተማ ነዋሪ የሚሠሩት ሥራ እስከ ወንዙ መውጫ ድረስ ይታያል።

ለተጓዦች የሚጠቅሙ ምክሮች

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳና ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ሞገዱ በፍጥነት ይከብዳል። የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ሲኾን ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው።

ከመሳፈር በፊት ዋጋው ለሙሉ ጀልባው ነው ወይስ ለአንድ ሰው የሚለውን፣ የሚደረስበትን ቦታና የቆይታውን ጊዜ ከጀልባ ነጂው ጋር መስማማት በኋላ ከሚነሳ ክርክር ያድናል። የገዳማት መግቢያ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከጀልባው ዋጋ የተለየ ነው። እያንዳንዱ ተሳፋሪ ልኩ የኾነ የሕይወት አድን ጃኬት ማድረግ አለበት። ለሕፃናት የሚኾን ጃኬት ከሌለ፣ ጀልባው ከአቅሙ በላይ ከጫነ ወይም ነፋስ ከበረታ ጉዞውን ለሌላ ቀን ማሳደር ይገባል። በጉዞ ላይ መቆምም ኾነ ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ ጀልባውን ሊገለብጥ ይችላል።

ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ይዞ መመለስ ግዴታ ነው። ገዳማትን የሚጎበኝ ሰው ልብሱ ለሥፍራው የሚመጥን ሊኾን ይገባል። ታንኳ ቀዛፊዎችንና መነኮሳትን ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅም የአካባቢው ወግ ነው።