ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ

ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ (ስዊትነር) በስኳር ፈንታ ምግብና መጠጥ ለማጣፈጥ የሚያገለግል፣ ካሎሪ የማይሰጥ ወይም እጅግ ጥቂት የሚሰጥ ውሕድ ነው። በሰፊው የታወቁት ሳካሪን፣ ሳይክላሜት፣ አሰሰልፌም ፖታሲየም፣ አስፓርቴም እና ሱክራሎዝ ናቸው። ስቴቪያ ከእነዚህ ጋር አብሮ ቢሸጥም ከደቡብ አሜሪካ ተክል ቅጠል ስለሚወጣ በትክክል ሲታይ ሰው ሠራሽ አይደለም።

ምላስ ላይ ያሉት የጣፋጭ ጣዕም ተቀባዮች የሚያውቁት ስኳርን ብቻ አይደለም። ቅርጹ የሚስማማቸው ሌላ ሞለኪውል ሲያገኙም «ጣፋጭ ነው» የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል ይልካሉ። አስፓርቴም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። አስፓርቴም በግራም እንደ ስኳር 4 ኪሎካሎሪ ገደማ አለው፤ ነገር ግን የአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርን (4 ግራም ገደማ) ጣዕም ለመተካት 20 ሚሊግራም ስለሚበቃ ካሎሪው ከቁጥር አይገባም።

ታሪክ

የመጀመሪያው ሳካሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ኮንስታንቲን ፋልበርግ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በአይራ ሬምሰን ቤተ ሙከራ የከሰል ዝፍት ውሕዶችን ሲመረምር ዋለ። ማታ እራት ሲበላ ምግቡ ባልተለመደ ሁኔታ ጣፈጠው፤ ምክንያቱ እጁ ላይ የቀረው ኬሚካል ነበር። የሌሎቹም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ማይክል ስቬዳ በ1937 ሳይክላሜትን ያገኘው ሲጋራው ሲጣፍጠው ነው። ጄምስ ሽላተር ደግሞ በ1965 የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ሲፈልግ ጣቱን ልሶ አስፓርቴምን አገኘ። (ዛሬ በቤተ ሙከራ ውስጥ ምንም ነገር መቅመስ ክልክል ነው።)

የስኳር ሕመምና ማጣፈጫ

ማጣፈጫ በሻይ ወይም በቡና ውስጥ ሲጨመር እንደ ስኳር የደም ግሉኮስን ከፍ አያደርግም። የስኳር ሕመምተኞች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ሆኖም የሕመሙ የአማርኛ ስም ራሱ ያሳስታል፤ ብዙ ሰው ስኳር ካቆመ የሚበቃው ይመስለዋል። እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ውስጥ ያለው ስታርች ሲፈጭ ግሉኮስ ይሆናል። «ስኳር የሌለበት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ብስኩትም ዱቄቱና ቅባቱ አልተቀነሰም።

ከሁሉ የሚያሰጋው ስሕተት በተቃራኒው ወገን ያለው ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደሙ ግሉኮስ ሲወርድ (በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች) ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል። በዚህ ጊዜ በማጣፈጫ የጣፈጠ ሻይ ወይም «ዜሮ» የተባለ ለስላሳ ቢሰጠው ምላሱ ይጣፍጠው እንጂ ደሙ ምንም አያገኝም። የሚያስፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው፦ 15 ግራም ያህል፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ መጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት። ራሱን የሳተ ሰው ግን ትን ሊለው ስለሚችል በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። ስለዚህ ማጣፈጫ ብቻ በሚጠቀም ቤትም ቢሆን፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ፣ ስኳር መጥፋት የለበትም።

ደኅንነት

በ1970ዎቹ ብዙ ሳካሪን የተመገቡ አይጦች የፊኛ ካንሰር ስለያዛቸው በአሜሪካ ሳካሪን ያለባቸው ምርቶች ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ተደረገ። በኋላ ሂደቱ የአይጥ ሽንት ልዩ ጠባይ ያመጣው እንጂ በሰው ላይ የሚደርስ እንዳልሆነ ስለታወቀ በ2000 ማስጠንቀቂያው ተነሣ። ሳይክላሜት ግን በአሜሪካ ከ1969 ውሳኔ ጀምሮ እንደታገደ ነው፤ በአውሮፓ ይፈቀዳል።

በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ነገሮች መደበው። ይህ ምደባ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ አደጋው መጠን አይደለም፤ በዜናው ላይ ብዙ ጊዜ የጠፋው ይህ ልዩነት ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ የቀን ጣሪያውን ሳይቀይር፣ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊግራም ላይ ተወው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ቆርቆሮ በላይ ለስላሳ መጠጣት ይኖርበታል።

ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል የዘር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን አስፓርቴምን ጨርሶ መተው አለባቸው። ሲፈጭ የሚወጣውን ፌኒልአላኒን ሰውነታቸው ማስወገድ ስለማይችል አንጎላቸውን ይጎዳል።

ለክብደት መቀነሻነትም ያው ድርጅት በ2023 አልመከረውም፤ ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ማስረጃው አከራካሪ ነው፦ ማጣፈጫ የሚያዘወትሩት ብዙዎቹ አስቀድመው የወፈሩ ሰዎች ስለሆኑ የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ይከብዳል።

በማብሰል ጊዜ

ስኳር ኬክን ከማጣፈጥ በላይ ያገዝፈዋል፣ ያረጥበዋል፣ መልኩንም ያጠይመዋል። ማጣፈጫ ይህን ስለማያደርግ የሚጋገረው ነገር ዝቅ ያለና ነጣ ያለ ይሆናል። አስፓርቴም ሲበስል ፈራርሶ ጣዕሙን ያጣል፤ ስለዚህ ሻይ ከፈላ በኋላ ሲኒው ላይ ቢጨመር ይሻላል። ሳካሪንና ሱክራሎዝ ሙቀትን የተሻለ ይችላሉ።