የቅዱስ ጴጥሮስ ጥላ፤ በዘመነ ሕዳሴ ስለ ነበሩ የኢጣልያ ሊቃውንትና ሠዓልያን

ቅዱስ ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በ5ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፥ የኢየሩሳሌም ሰዎች ጴጥሮስ ሲያልፍ ጥላው እንኳ እንዲያርፍባቸው ድውያኖቻቸውን ተሸክመው ወደ አደባባይ ያወጡ ነበር። ይህን ታሪክ መምህራን በየዘመኑ አንብበው ተርጕመውታል። ጥላውን በእውነት እንደ ጥላ፥ ከአካል ወድቆ እንደሚታይ አድርጎ በግድግዳ ላይ የሣለው ግን ማዛቾ የተባለ የፍሎሬንስ ሠዓሊ ነው። በኢጣልያ ዘመነ ሕዳሴ በሚባለው ጊዜ፥ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ፥ የተነሡትን ሊቃውንትና ሠዓልያን ሐሳባቸውን ለመመርመር ለሚወድ ሰው ከዚህ ሥዕል የቀረበ በር አይገኝም።

ማዛቾ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በ1401 ዓ.ም. ተወልዶ በ1428 ዓ.ም. በሮማ ሲሞት ዕድሜው 27 ዓመት አልሞላም ነበር። ስመ ጥምቀቱ ቶማስ ነው፤ ለልብሱም ለገንዘቡም የማይጠነቀቅ ሰው ስለ ነበረ በዚህ ቅጽል ጠሩት ይባላል። በፍሎሬንስ ካርሚኔ በምትባለው በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፥ ብራንካቺ የተባሉት ባለጸጎች ባሠሩት ጸሎት ቤት ውስጥ፥ ማዞሊኖ ከሚባል ሠዓሊ ጋራ ሆኖ የቅዱስ ጴጥሮስን ታሪክ ሣለ። በጥላው ሥዕል ጴጥሮስ ከዮሐንስ ጋራ በጠባብ መንገድ ይሄዳል። መንገዱ የኢየሩሳሌም መንገድ አይደለም፤ ቤቶቹ ሠዓሊው በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ የሚያያቸው የፍሎሬንስ ቤቶች ናቸው። ሐዋርያው ወደ ድውያኑ አይመለከትም፤ ዐይኑ ወደ ፊት ነው። ጥላው ያለፈባቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ እግሮቹ የሰለሉት ድኻ ግን ገና በመሬት ላይ ሆኖ ወደ ላይ ያያል። ብርሃኑንም ሠዓሊው እንዲያው አላፈሰሰውም፤ በጸሎት ቤቱ ባለው በእውነተኛው መስኮት በኩል እንደሚገባ አድርጎታልና፥ በዚያ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ለሐዋርያው በሚያበራው ብርሃን ውስጥ ራሱን ያገኛል።

በዚያው ጸሎት ቤት አዳምና ሔዋን ከገነት ሲወጡ ተሥለዋል። አዳም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ሔዋን አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ኀዘን ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ልቅሶ ያውቀዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት ዕርቃናቸው ያሳፈራቸው ሰዎች ቅጠል አስቀቡባቸው፤ በ1771 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ በተቃጠለች ጊዜም ሥዕሉ በጢስ ጠቈረ። ቅጠሉም ጥቀርሻውም የተነሣው በ1980ዎቹ ዓመታት በተደረገው እድሳት ነው።

እንዲህ ያለው አስተያየት ከሠዓልያን ብቻ የተገኘ አይደለም። ከማዛቾ አስቀድሞ ፔትራርካ (1304–1374) የጥንት ጸሐፊዎችን መጻሕፍት ከየገዳማቱና ከየካቴድራሉ ዕቃ ቤት ይፈልግ ነበር። በ1397 ዓ.ም. ደግሞ ማኑኤል ክሪሶሎራስ ከቍስጥንጥንያ መጥቶ ለፍሎሬንስ ሰዎች ጽርእ ማስተማር ጀመረ። እነዚህን ሊቃውንት ሁማኒስት ማሰኘቱ ሰውን ስለሚያመልኩ አይደለም፤ ሰዋስውን፥ ንግግር ማሳመርን፥ ቅኔን፥ ታሪክንና ግብረ ገብን የሰው ልጅ ትምህርት ብለው ስለ ጠሩ ነው። ሰዋስውና ቅኔ በዚህ ተራ መቈጠራቸውን የቅኔ ቤት ሰው ቢሰማ አይደንቀውም።

ከእነርሱ አንዱ ሎሬንዞ ቫላ ነው። ቈስጠንጢኖስ ንጉሥ የምዕራብን ግዛት ለሮማ ጳጳስ እንደ ሰጠ የሚናገር አንድ ደብዳቤ ነበረ፤ ቫላ በ1440 ዓ.ም. ቃሉን አንድ በአንድ መርምሮ፥ በቈስጠንጢኖስ ዘመን የማይነገር ላቲን መሆኑን አሳይቶ ሐሰተኛነቱን ገለጠ። (ይህም ሰው ኋላ በዚያው በጳጳሱ ግቢ ጸሐፊ ሆኖ ተሾመ።) ስለ ሥዕል በ1435 ዓ.ም. መጽሐፍ የጻፈው አልቤርቲም ሠዓሊ አስቀድሞ ዐጥንቱን፥ ቀጥሎ ጅማቱን፥ ከዚያ ሥጋውን፥ በመጨረሻም ልብሱን እንዲያስብ ያዝዛል። የቫላና የአልቤርቲ መንገድ አንድ ነው፤ ከሰሙት ይልቅ ነገሩን ራሱን መመልከት።

የሰውን አካል እንዲህ ማክበር እግዚአብሔርን ወደ ኋላ ማድረግ አይደለምን የሚል ጥያቄ ያን ጊዜም ተነሥቷል። ሳቮናሮላ የተባለው መነኵሴ ጌጡንም መስተዋቱንም መጻሕፍቱንም ሥዕሉንም በ1497 ዓ.ም. በፍሎሬንስ አደባባይ አስቃጠለ፤ በዓመቱም እርሱ ራሱ በዚያው አደባባይ ተሰቅሎ ተቃጠለ። ፍርሃቱ ሁሉ ከንቱ አልነበረም፤ ቦቲቼሊ ሰብአ ሰገልን ሲሥል የሜዲቺን ባለጸጎች መልክ ለነገሥታቱ ሰጥቷቸዋልና። ማዛቾ ግን በዚህ አይከሰስም። አካላዊ ቃል ሥጋን ተዋሐደ ብሎ የሚያምን ክርስቲያን ጥላ ያለውን አካል ስለ ምን ይንቃል? በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን፥ ሥዕሉ በጣና በደጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው፥ ለእመቤታችን ጥላ አላደረገላትም። ይህም ካለማወቅ ሊቈጠር አይገባም፤ እርስዋ ያለችበት ብርሃን ከአንድ ወገን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን አይደለምና። አንዱ ሠዓሊ ቅዱሳን በምድር ሲመላለሱ፥ ሁለተኛው በክብራቸው ሳሉ አሳይቷል።

በቋንቋ ነገር ግን የሁለቱ አገር ሰዎች ተገናኝተዋል። በ1441 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ለጉባኤ ወደ ፍሎሬንስ ገቡ። ከዚያ በኋላም በሮማ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በሆነው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የግእዝ ጸሎት ይሰማ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኰሎኝ ካህን ዳዊት ሲደገም ሰምቶ፥ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ፊደሉን ተምሮ፥ በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ። በግእዝ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ፖትከን ግን ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ተሳስቶ ሰየመው። ከ35 ዓመት በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን ከወንድሞቻቸው ጋራ ሐዲስ ኪዳንን በዚያችው ከተማ ማሳተም ጀመሩ። በሥራውም ፍጻሜ፥ አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ የማይችሉ፥ እነርሱም የማተም ሥራ የማያውቁ ስለ ሆኑ፥ ስሕተት የሚያገኝ አንባቢ ይቅር እንዲላቸው ለመኑ።