የእነሱ አይጥ ይታቀፋል፣ የእኛ ለምን ይባረራል?

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ በአንድ የጫማ ካርቶን ነው። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ካርቶኑን ታቅፋ ገባች። ውስጡ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ዓይኗ ገና በወጉ ያልተገለጠ ግራጫ የአይጥ ግልገል። ከጓደኞቿ ጋር ከጎረቤት የማገዶ ክምር ሥር አግኝተዋት፣ ስም አውጥተውላት፣ በጣታቸው ጫፍ ወተት ሲያስልሷት ውለዋል። «አጎቴ፣ ሃምስተሬን እያት» አለችኝ። ሃምስተር የምታውቀው ከዩቲዩብ ነው።

እህቴ ጮኸች። እናቴ መጥረጊያ አነሳች። እኔ ልጅቷን ወስጄ እጇን በሳሙና አሳጠብኳት። ግልገሏ ሌሊቱን ሞታ አደረች። ልጅቷ አልቅሳ ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ የእሷ ጥያቄ ነው። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳነብ ቆይቼ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ከራሳችን እንነሳ። እኛና አይጥ የምንተዋወቀው በጎተራ ጠብ ነው። ገበሬ ዓመት ለፍቶ ያስገባውን እህል የምትካፈለውን ፍጡር ማን ያቅፋታል? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከርኩሳን ተርታ መድቧታል። በተረታችንም ወይ ሌባ ናት ወይ ሞኝ፤ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ»፣ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች»። ድመት እንኳ በብዙ ቤት የምትኖረው ለሥራ እንጂ ለፍቅር አይደለም።

የፈረንጆቹ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ፍቅር ያለበት ይመስላል። ስታዩት ግን አይደለም።

ሃምስተርን ውሰዱ። ሳውል አድለር የሚባል በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ ሊሽማኒያሲስ የተባለውን በሽታ ያጠና ነበር። በሽታው ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ አንዱ ዓይነቱ ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን ሲፈጅ የኖረው ካላዛር ነው። አድለር ለሙከራ ያመጣቸው የቻይና ሃምስተሮች አልራባ ቢሉት፣ የእንስሳት ተመራማሪውን እስራኤል አሃሮኒን ሌላ ዓይነት እንዲፈልግለት ጠየቀው። እ.ኤ.አ በ1930 አሃሮኒ ወደ ሶርያ፣ ሐለብ አካባቢ ሄደ። እዚያም አንድ የስንዴ ማሳ ተቆፍሮ ከጥልቅ ጉድጓድ አንዲት እናት ከ11 ግልገሎቿ ጋር ወጣች። እናቲቱ በድንጋጤ ከገዛ ግልገሎቿ አንዱን ገደለች። ከቀሩትም ከፊሎቹ እንጨት በልተው አመለጡ። በመጨረሻ የተረፉት ጥቂት ወንድምና እህት እርስ በርስ ተዳቅለው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 150 ደረሱ። በማግስቱ ዓመት አድለር የተወሰኑትን በኮት ኪሱ ይዞ እንግሊዝ እንደገባ ይነገራል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በልጆች መኝታ ቤት ሽክርክሪት ላይ የሚሮጡት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚያች የሐለብ እናት ዘር ናቸው። ልጆቻችን በስልክ የሚያዩት «ቆንጆ» እንስሳ ወደ ሰው ቤት የገባው በካላዛር በር ነው ማለት ነው።

ጊኒ ፒግ ደግሞ ከጊኒ አልመጣችም፤ አሳማም አይደለችም። (ስሟን ስጠራ እናቴ «አሳማ ቤቴ አይገባም!» ብላ ነበር፤ ግማሽ ቀን አስረዳሁ።) አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራራ ነው። እዚያ ሰዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት እንደ ዶሮ በኩሽና ሲያረቧት ኖረዋል፤ ለመብል። ፔሩ ውስጥ በኩስኮ ካቴድራል ማርኮስ ዛፓታ የሣለው የጸሎተ ኀሙስ ራት ሥዕል አለ፤ በማዕዱ መካከል ባለው ሳህን ላይ የተጋደመችው እሷ ናት ይባላል። ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዷት። ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ሲያሳውቅ ማስረጃ ካደረጋቸው እንስሳት አንዷ እሷ ነበረች። ነጭ አይጦችም እንዲሁ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ጃክ ብላክ የሚባል አይጥ አዳኝ ለየት ያለ ቀለም ያላቸውን እየለየ ያረባና ለወይዛዝርት ይሸጥ ነበር።

እንግዲህ ያላመዳቸው ድስትና ላቦራቶሪ ነው። የማይነክሰውና የማይሸሸው እየተመረጠ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። የካርቶኗ ግልገል ያጣችው ይህን ነው። ከማገዶ ሥር የተያዘች አይጥ ብትተርፍ እንኳ ትነክሳለች፤ ሽንቷም ሌፕቶስፒራን የመሰለ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ልጅ ደግሞ እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል።

ለማዳ አይጥ በአገራችን ጨርሶ የለም እንዳትሉ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚራቡ ነጭ አይጦች አሉ፤ የአገር ባህል መድኃኒቶች ለወባም ለሌላም የሚሞከሩት በእነሱ ላይ ነው። የዱሩን ካላችሁ ደግሞ ሀብታሞች ነን። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጸጉር አልባዋ ፍልፈል የተገኘችው ከሸዋ ነው። እንደ ንብ ንግሥት አላት፤ ከ30 ዓመት በላይ ትኖራለች። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ኪሎ ሊደርስ ትንሽ የሚቀረው ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብም እሱ ነው። እነዚህን ለልጅ ማሳየት እንጂ መያዝ አይገባም።

እና ለልጅ የቱ ይሻላል? እኔ ሃምስተርን አልመርጥም። ቀን ተኝታ ሌሊት የምትሮጥ፣ ብቻዋን መኖር የምትፈልግ፣ ስትቀሰቀስ የምትነክስ እንስሳ ናት፤ ዕድሜዋም ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ልጁ ሲነቃ እሷ ተኝታለች። ጊኒ ፒግ ቀን ትነቃለች፣ እምብዛም አትነክስም፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት ትኖራለች። ብቻዋን ግን አይሆንላትም፤ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ ብቻዋን ማኖርን በሕግ ከልክላለች። እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ በሰውነቷ መሥራት ስለማትችል በየቀኑ እንደ ጎመን ያለ ቅጠል ትፈልጋለች፤ ካጣች ድዷ ይደማል፣ መገጣጠሚያዋ ያብጣል። ዋና ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀትር ሙቀት ይገድላታል። ግቢ ስትለቋት ከድመቱ ሌላ ሰማዩንም እዩ፤ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ብቻ አይደለም የሚውጠው። ልጁ መሬት ተቀምጦ ጭኑ ላይ ያኑራት፤ ከእጅ ከወደቀች አጥንቷ ይሰበራል። የስድስት ዓመት ልጅ ባለቤት አይሆንም። ሣሩን የምታጭዱት፣ ሳጋቱራውን የምትቀይሩት እናንተ ናችሁ። ይህን የማትችሉ ከሆነ አትግዙ።

እኛ ገዛን። ከአዲስ አበባ፣ ሁለት። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ብሎ ማለልን። አንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም እንዲያያቸው ብለምነው ላምና ውሻ እንጂ ይህን አልነካሁም ብሎ ሳቀ። በአሥረኛው ሳምንት ጠዋት ልጅቷ ጮኻ ቀሰቀሰችን። ሦስት ግልገሎች፤ ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ፣ በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ የሚራመዱ። ጊኒ ፒግ እንዲህ ነው የምትወልደው፤ እርግዝናዋም ከሁለት ወር በላይ ነው።

አባትየውን ለብቻው የሽቦ ቤት ሠራንለት፣ ከሽቦው ማዶ ግን እንዲያያቸው አድርገን። እናቴ አሁንም አይጥ ናቸው ትላለች። ጠዋት ጠዋት የጎመኑን ግንድ ለእነሱ የምትለየው ግን እሷ ናት።